ፈሱ የጠፋበት ድመት

የሐረር ልጅ ስለ አስጸያፊ ነገር ከካርቱን የሚማረው ብዙ የለውም። ዳዴ ማለት ሳይጀምር ጅብን ያውቃል፤ ጅብን ላወቀ ደግሞ የቀረው ዝርዝር ነው። ጅብ አጥንት ሲቆረጥም ስለሚያድር ኩሱ ሲደርቅ ነጭ ይሆናል። ልጆች ሳለን ከጀጎል ግንብ ሥር እየለቀምን፣ ጠመኔ ነው ብለን ድንጋይ ላይ ስማችንን ጽፈንበታል፤ ባይደምቅም ይነበባል። የዋጠውን ፀጉር መልሶ ያስታውከዋል። አስታውኮ ቢሄድ ደግ፣ በጀርባው ይንከባለልበታል፤ ባልንጀሮቹም ሽታው እንዳያመልጣቸው ተከትለው ይንከባለላሉ። ማርከስ ቤይንስ ሮክ የሚባል አውስትራሊያዊ ተመራማሪ የሐረርን ጅቦች በሌሊት በየጠባቡ መንገድ ሲከተል ከርሞ በ2015 እ.ኤ.አ. ስለ እነሱ መጽሐፍ አሳትሟል። እኛ አፍንጫችንን ይዘን የምንሸሸውን ሽታ ሰውየው ባሕር ተሻግሮ መጥቶ ለዲግሪ አሸተተው።

ማታ ማታ ደግሞ ፈላና በር በኩል፣ እንግዳ ሰው ሥጋ የተንጠለጠለበት እንጨት በጥርሱ ነክሶ፣ ተንበርክኮ ጅብ ሲያጎርስ ይታያል። ጅቡ የፊት እግሮቹን እንግዳው ትከሻ ላይ ሰቅሎ ሥጋውን ይመነትፋል። ለሃጩ በሰውየው አንገት ይወርዳል። ሰውየው ይስቃል፤ ሚስቱ ፎቶ ታነሳለች። ለዓሹራ ጊዜ ደግሞ ለጅቡ ቅቤ የጠገበ ገንፎ ይቀርብለታል፤ ከግማሽ በላይ ከበላ መጪው ዘመን የጥጋብ ነው ይባላል፣ አሽትቶ ጥሎት ከሄደ ግን ሽማግሌው ሁሉ ግንባሩን ይቋጥራል። የአንድ ከተማ ዕድል በጅብ የምግብ ፍላጎት ላይ ሲንጠለጠል እያየ ያደገን ልጅ፣ አንድ ካርቱን ሠሪ ካሊፎርኒያ ቁጭ ብሎ «ቆይ በንፍጥ አስደነግጠዋለሁ» ሲል ሳስበው አዝንለታለሁ።

ልጆቹ ግን ይስቃሉ። ጅብ በበራቸው ሲያልፍ ራሳቸውን ቀና የማያደርጉ ልጆች፣ ቴሌቪዥን ውስጥ ያለ ስፖንጅ ሲፈሳ ሆዳቸውን ይዘው መሬት ለመሬት ይንከባለላሉ።

የእህቴ ልጆች ካርቱን የሚያዩት እናቴ ቤት ነው። ቤቱ ጀጎል ውስጥ ያለ የቀበሌ ቤት ነው፤ አሠራሩ ግን የጥንቱ የሐረሪ፣ ነደባ የሚባለው መቀመጫ መደቡ ከፍና ዝቅ እያለ ማን የት እንደሚቀመጥ የሚናገር። አሚር ነደባ የሚባለው የቤቱ ጌታ መቀመጫ ነበር። ዛሬ ቴሌቪዥኑ ተቀምጦበታል፤ እኛ ከታች ሆነን ቀና ብለን እናየዋለን። ሥልጣኑ ያለ ምንም ደም መፋሰስ ተላልፏል። ጣራው ላይ ያለው ዲሽ ፊቱን ወደ ዐረቦቹ ሳተላይት ያዞረ ስለሆነ፣ የፈረንጁ ካርቱን ሁሉ እኛ ጋ የሚደርሰው ዐረብኛ ለምዶ ነው። ባሕር ሥር፣ አናናስ ውስጥ የሚኖረው ስፖንጅቦብ ስሙን እንደያዘ ነው፤ ጓደኛው የባሕር ኮከቡ ፓትሪክ ግን በሲጥ ሆኗል። ሁልጊዜ የሚነጫነጨው፣ አፍንጫው ከአገጩ በታች የተንጠለጠለው ስኩዊድዋርድ ደግሞ ሸፊቅ ይባላል።

ሸፊቅ! ሐረር ውስጥ ድንጋይ ብትወረውር ሸፊቅ የሚባል ሰው ላይ ማረፉ አይቀርም። እኛ ሰፈር ያለው ሸፊቅ ባለሱቅ ነው፤ ፊቱም የሚፈታ አይነት አይደለም። ትንሹ ልጅ ስኳር ግዛ ተብሎ ተልኮ ሄዶ ባንኮኒው ላይ አገጩን አስደግፎ፣ «አንተ ሸፊቅ፣ ስፖንጅቦብ ምን አድርጎህ ነው እንዲህ የምትቆጣው?» ብሎታል። የሐረር ልጅ አንቱታ አያውቅምና ይሄ እንደ ድፍረት አይቆጠርም። ሰውየው ስኳሩን መዝኖ ሰጠውና ከሰዓት በኋላ እኔን አስጠርቶ፣ «ስፖንጅቦብ ማነው? የማን ልጅ ነው?» አለኝ። ቢጣላው ቢያንስ አባቱን አውቆ ይጣላው።

ዐረብኛ የሚማር የጎረቤት ልጅ አስተርጓሚያቸው ነው። ስምንት ዓመቱ ቢሆን ነው። የዐረብኛው ትርጉም የመጻሕፍቱ ዐረብኛ ስለሆነ፣ ጥርት ባለ ከፍ ባለ ቋንቋ ስለ ግሳትና ስለ ለሃጭ ይነገራል፤ ልጁም በዚያው ክብደት፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ሸፊቅ ሆይ፣ ከአፍህ የሚወጣው ጠረን ጎረቤትን አሰደደ ይላል» ብሎ ያስረዳል። ትርጉም የማያስፈልገውም አለ። ፈረንሳዮቹ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠሩት «ኦጊና በረሮዎቹ» ንግግር የሚባል ነገር የለውም፤ ሰማያዊ ድመትና ሦስት በረሮዎች ያለ አንዳች ቃል ሲደባደቡ ይውላሉ። እናቴ የምትወደው እሱን ነው። በረሮ ጠላት መሆኑን ለመረዳት ዐረብኛ መማር የለባትም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። በነዚህ ካርቱኖች መሀል ሁልጊዜ የምትመጣ አንዲት ቅጽበት አለች። ጨዋታው ድንገት ቀጥ ይልና ሥዕሉ ሙሉ ስክሪኑን ሞልቶ ይቀርባል፤ ደም ሥሩ የተገተረ ዓይን፣ የተላጠ ጥፍር፣ አፍንጫ ውስጥ የበቀለ ፀጉር ጫፉ ላይ ጠብታ እንዳንጠለጠለ። ወይም ዝምታ ይሆንና፣ ጡጥ! በዚያች ሰዓት ልጆቹን ተመልክቼ አውቃለሁ። ቴሌቪዥኑን አያዩም። ሦስቱም ባንድ ጊዜ አንገታቸውን ጠምዝዘው እኔን ነው የሚያዩት። ፈሱ ስክሪኑ ላይ ነው፣ ዓይናቸው ግን እኔ ላይ። ሰምቷል? አይቷል? ምን ሊል ነው? እኔ ፊቴን ካጨማደድኩ፣ ከዚያ በኋላ ነው ሳቁ የሚፈነዳው። ጋዜጣ እያነበብኩ ያልሰማሁ መስዬ ዝም ካልኩ ግን ቅር ብሏቸው ወደ ስክሪኑ ይመለሳሉ።

ነገሩን ላጣራ ብዬ አንድ ቀን ወጣሁ ብዬ ግቢው ውስጥ በመስኮቱ በኩል ተደብቄ አየኋቸው። ያው ክፍል፣ ያው ስፖንጅ፣ ያው ጡጥታ። አንዳቸውም አልሳቁም። ስብሰባ የተጠራ ሠራተኛ ሪፖርት በሚሰማበት ፊት ነበር የሚያዩት። ሲሰለቻቸው ትልቋ ሪሞቱን አንስታ ጣቢያ ቀየረች።

ጉዳዩን ቅዳሜ ከሰዓት በርጫ ላይ አነሳሁት። ስለ ልጅ አስተዳደግ እንደ በርጫ የሚመከርበት ቦታ የለም፤ የተቀመጠው ሁሉ ልጅ ወልዷል፣ ልጁን ግን በዚያች ሰዓት የሚጠብቅለት ሌላ ሰው ነው። ጡረታ የወጣ መምህር አለ፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ አለ፣ አንድ ባለባጃጅም አለ።

«ጥናት አለ» አለ መምህሩ፣ ጫቱን አስቀምጦ። ጥናት የሚለውን ቃል ሲናገር ጫት አይዝም። እውነቱን ነው፣ ጥናቱ አለ። በ2011 እ.ኤ.አ. «ፔዲያትሪክስ» በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ነው። 60 የአራት ዓመት ልጆች ለሦስት ተከፈሉ፤ አንዱ ቡድን 9 ደቂቃ ስፖንጅቦብ አየ፣ ሌላው ረጋ ያለ ካርቱን አየ፣ ሦስተኛው ሥዕል ሲሥል ቆየ። ወዲያው ትዕግሥትና ማሰብ የሚጠይቅ ጨዋታ ሲሰጣቸው ስፖንጅቦብን ያዩት ወደ ኋላ ቀሩ። ጣቢያው ኒክሎዲየን ደግሞ፣ ፕሮግራሙ የተሠራው ከ6 እስከ 11 ዓመት ላሉ ልጆች ነው፣ የአራት ዓመት ልጅ ምን ሊያደርግ መጣ ብሎ መልሷል።

«ዘጠኝ ደቂቃ?» አለ ልብስ ሰፊው። «የኛዎቹ እኮ የሚያዩት ዘጠኝ ሰዓት ነው። እነሱስ ላይ ምን ተገኘ?»

መምህሩ መልስ አልነበረውም። እኔም ለፍትሕ ያህል፣ ተመራማሪዎቹ የጠረጠሩት የሥዕሉን መክለፍለፍና በእውን የማይሆነውን ነገር ብዛት እንጂ ፈሱን አይደለም አልኩ። ባለባጃጁ ግን ጥናት አያስፈልገውም። «በኛ ጊዜ» አለ፣ «ቶምና ጄሪ ነበር። ጨዋ።» ቶምና ጄሪ ከ1940 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ካርቱን ነው። ድመቱ በካውያ ይተኮሳል፣ ድማሚት ይውጣል፣ ጥርሱ አንድ በአንድ ይረግፋል፣ ጭራው ሶኬት ውስጥ ይሰካል። ግን አይፈሳም። ጨዋነት ማለት ይሄ ከሆነ ደህና ነው።

«እንግዲያው አንድ ታሪክ ልንገራችሁ» አልኳቸው። በ1991 እ.ኤ.አ. ይኸው ኒክሎዲየን የሚባል ጣቢያ «ሬን እና ስቲምፒ» የሚል ካርቱን ጀመረ። ሬን ብስጩ የቺዋዋ ውሻ ነው፤ ስቲምፒ ወፍራም ሞኝ ድመት። ዋናው ፈጣሪው ጆን ክሪክፋሉሲ አስቸጋሪ ሰው ስለነበረ ጣቢያው በዓመቱ አባሮታል፤ ዛሬ በየካርቱኑ ተጎልጉሎ የምናየው ደም ሥርና ንፍጥ ግን በአብዛኛው መንገድ የጠረገለት እሱ ነው። ድመቱ ስቲምፒ በ1993 እ.ኤ.አ. በተላለፈ አንድ ክፍል ላይ ቴሌቪዥን ሲያይ ሳለ ፈስ አመለጠው። በሕይወቱ የመጀመሪያው ነው። ድምፅ ሰማ፤ ቀጥሎ ሸተተው። ከሆዴ የወጣ ነው ብሎ እንደ ልጁ ወደደው፣ ስቲንኪ ብሎም ስም አወጣለት። ለጓደኛው ቢነግረው ጓደኛው አላመነም። ላሳይህ ብሎ ቢያምጥ፣ ቢያምጥ፣ ወይ ፍንክች። ስቲንኪ የለም። ድመቱ ሐዘን ገባው። የገና ሰሞን ሆነ፤ አገሩ ሁሉ ደስ ሲለው እሱ ብርድ ላይ ወጥቶ በየመንገዱ የጠፋ ፈሱን ይፈልግ ጀመር።

እዚህ ላይ ሻይ ልጠጣ ብዬ አቆምኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። ልብስ ሰፊው ቀንበጡን በሁለት ጣቱ እንደያዘ ወደ አፉ ሳይወስደው ቀርቷል።

«ከዚያስ?» አለ።

«ምን ከዚያስ?»

«ተገኘ?»

«በመጨረሻ ራሱ መጣ።»

«እሰይ!» አለ ባለባጃጁ።

«ብቻውን አይደለም የመጣው። ሚስት ሊያገባ ነው።»

«ማንን?»

«የበሰበሰች የዓሣ ጭንቅላት።»

ሁሉም ዝም አሉ። ከዚያ መምህሩ፣ ጥናቱን የያዘው መምህር፣ በጣም አስቦበት፣ «ድመትየው ተስማማ?» አለ። «ለድመት እኮ የዓሣ ጭንቅላት ምግብ ናት። ምራቱን ሊበላት ነው።»

ከዚያ በኋላ እስከ መግሪብ የተወራው ይኸው ነበር። ካርቱን ልጆቻችንን አበላሸ የሚለው አጀንዳ በይደር ታለፈ።

ፈስን ከባሕር ማዶ የመጣ ሸቀጥ አድርጎ የሚያይ ሰው ይገርመኛል። እኛ እኮ «ፈስ ያለበት ዝላይ አይችልም» ብለን ስለ ንጹሕ ኅሊና የምናስተምር ሕዝብ ነን። ጥፋቱን ራሱ ሠርቶ በሌላው ላይ የሚጮኸውን ሹም «የፈሲታ ተቆጢታ» ከሚለው አሳጥሮና አሳምሮ የገለጸ የፖለቲካ ተንታኝ እስከ ዛሬ አልተወለደም። ፈሪውን ቅዘናም፣ ልጁን ንፍጣም፣ ምቀኛውን ሌላ የምንለው አለን። የአለቃ ገብረ ሐና ስም ሲነሳ በአደባባይ የሚነገር ቀልድ አለ፤ ልጆች ከወጡ በኋላ የሚነገርም አለ። ልጆቹ ደግሞ የሚወጡት እስከ በሩ ድረስ ነው።

እንቆቅልሽንም ተመልከቱ። የተጠየቀው ሰው መልሱን ካጣ አገር ይሰጣል። አገር የተቀበለው «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ አይቀመጥም፤ እዚያ አገር ገብቶ ማር ሲቆርጥ፣ ጠጅ ሲጠጣ፣ በአልጋ ሲተኛ፣ ተሸናፊው ምን እየበላ ምን ላይ እንደሚያድር አንድ በአንድ ይዘረዝርለታል። ዝርዝሩ መጽሔት ላይ አይወጣም። እናቴ ከነዜማው ታውቀዋለች። የውሻም የአህያም የበሽተኛም ድርሻ አለበት፤ ሬን እና ስቲምፒን የሠሩት ሰዎች አንድ ምሽት አጠገቧ ቢቀመጡ ማስታወሻ ደብተር ይይዙ ነበር።

ግን በእናቴ እንቆቅልሽ ጊዜ አንድ ሌላ ሰው ቤቱ ውስጥ ነበር። አባቴ። ጥግ ላይ ሬዲዮውን ጆሮው ላይ ለጥፎ የሚቀመጠው አባቴ፣ ዝርዝሩ ወፍራሙ ቦታ ላይ ሲደርስ፣ «ኧረ ነውር ነው! ሕፃን ልጅ ፊት!» ይል ነበር። እኛ የምንጠብቀው እሱን ነበር። እናቴም የምትጠብቀው እሱን ነበር፤ ካላለ ድምጿን ከፍ አድርጋ ትደግመዋለች። ካርቱኑ ሁሉን ነገር አሟልቶ ይመጣል፤ ቀለሙን፣ ሙዚቃውን፣ ንፍጡን። ነውር ባዩን ብቻ ይዞ አይመጣም። ፈቃድ አግኝቶ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በማስታወቂያ ታጅቦ የቀረበ ፈስ ደግሞ ምኑ ያስቃል? ስለዚህ ልጆቹ የጎደለውን ቤት ውስጥ ባለው ሰው ያሟላሉ። ያን አንገት መጠምዘዝ ካየሁ ወዲህ ሥራዬን አውቄ እሠራለሁ፤ ስክሪኑ ላይ ንፍጥ ሲወጣ እጄን ግንባሬ ላይ ጭኜ «ኤጭ! ኧረ ነውር!» እላለሁ። ደመወዝ የለውም እንጂ በሕይወቴ እንደዚህ የተወደደልኝ ሥራ የለም።

ይህን ሁሉ የፈረንጅ ዘመናዊነት ያመጣው ብልግና ነው ለሚለኝ ሰው ራምቦ ቤትን አሳየዋለሁ። የባለቅኔው የአርተር ራምቦ መታሰቢያ ሙዚየም ነው፤ ቤቱን አንድ ሕንድ ነጋዴ ባለቅኔው ከሞተ በኋላ ያሠራው ስለሆነ ራምቦ አልኖረበትም፣ ግን ስሙ ከተተከለ ማን ይነቅለዋል። ራምቦ በ1880 እ.ኤ.አ. ሐረር የገባው ቡናና ቆዳ ሊነግድ ነው፤ ግጥሙን እርግፍ አድርጎ ከተወ ቆይቷል። በልጅነቱ ግን ጽፎ ነበር። በ1871፣ ገና አሥራ ሰባት ዓመት ሳይደፍን፣ ከአልጋው ተነስቶ ፖፖ ላይ ቁጢጥ ስለሚል ቄስ አንድ ሙሉ ግጥም ጽፏል። የልጅ ፀጉር ውስጥ ቅማል ስለሚለቅሙ ሁለት እህትማማቾችም ጽፏል፤ ይሄኛው እንደውም ከምርጦቹ ይቆጠርለታል። ከወዳጁ ከቬርሌን ጋር ሆኖ ስለ መቀመጫ ቀዳዳ የጻፈውን ሶኔት ደግሞ የሥነ ጽሑፍ ሊቃውንት በቁም ነገር ይተነትኑታል። ይሄ ሁሉ ባለበት አገር ሙዚየሙን የሚጎበኝ የትምህርት ቤት ልጅ ፎቶግራፎቹን እያየ ያዛጋል። የፖፖውን ግጥም በአማርኛ፣ በሐረሪና በኦሮምኛ ተርጉመው ግድግዳው ላይ ቢሰቅሉት፣ እስከ ፈረስ መጋላ አደባባይ ሰልፍ ይሆን ነበር።

እኛ ለልጅ ብለን የሠራነው ቴሌቪዥን ንጹሕ ነው። አባባ ተስፋዬ ሳህሉ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ከአርባ ዓመት በላይ የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች እያሉ ተረት ሲነግሩን አንድ ቀን እንኳ ሲያስነጥሱ አላስታውስም። በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ጎልማሳው ሁሉ እንደ ልጅ አለቀሰ። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ደግሞ አለች፤ ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያቀረበቻት፣ በካልሲ የተጀመረች የስድስት ዓመት ቀጭኔ። ፀሐይ እጇን ትታጠባለች። እጅ መታጠብን ለማስተማር እጁ ምን እንደነካ መናገር ግድ ነውና ነገሩ እዚያም አለ፤ ግን ጨዋ ሆኖ፣ ዘወር ተብሎ። በዚያው ድርጅት የተሠራው «ጥበብ ገርልስ» እንደውም ስለ ሴት ልጅ የወር አበባ በግልጽ ተናግሯል፤ ይሄንን ካርቱን ሲያይ ፊቱን ያዞረ አባት ስፖንጅቦብ ሲያስታውክ አብሮ ሊስቅ ይችላል። ምን እንደሚያሳፍረን መርጠን የጨረስን አልመሰለኝም።

በዚህ መሀል ስልክ መጣና ሁሉንም አስናቀ። ትንሹ ልጅ የእናቱን ስልክ ይዞ ጥግ ከያዘ የሚያየው ሽንት ቤት ነው። በየካቲት 2023 እ.ኤ.አ. አሌክሲ ጌራሲሞቭ የሚባል ሰው ዩቲዩብ ላይ የጀመረው «ስኪቢዲ ቶይሌት» ነው፤ ከሽንት ቤት መቀመጫ ውስጥ የሰው ጭንቅላት ብቅ ይልና ይዘፍናል። ጭንቅላታቸው ካሜራ የሆነ ባለሱፎች ይዋጉታል። ታሪኩ ይሄ ነው፤ ከዚህ በላይ ልተንትንላችሁ ብል አልችልም። እኔን ያስፈራኛል። የጀጎል ልጅ ሆኖ በሌሊት ጉድጓድ ሽንት ቤት ለሄደ ሰው፣ ከሥር የሚወጣ ጭንቅላት ፈጠራ አይደለም፣ ዕድሜ ልኩን የተሳቀቀበት ነገር ነው።

እናቴን ግን ያስገረማት ሌላ ነው። መነጽሯን አድርጋ፣ ስልኩን ከልጁ ተቀብላ፣ ባለሱፉ የሽንት ቤቱን ማፍሰሻ ሲጫን፣ ጭንቅላቱ እየተሽከረከረ በውሃ ሲወሰድ አየች። መልሳ አየችው።

«ይሄ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ?» አለች።

ሐሮማያ ሐይቅ የደረቀ ጊዜ ከተማው እንዴት እንደከረመ የምታስታውስ ሴት ናት። ቢጫ ጀሪካን ደርድራ ወረፋ ጠብቃለች፤ ዛሬም ቧንቧው የሚመጣበትን ቀን እንደ በዓል ቆጥራ ነው የምትጠብቀው። አንድ ጭንቅላት ለማባረር አንድ ባልዲ ውሃ የሚደፋ ፍጡር ለሷ ከጭንቅላቱ የበለጠ ነውረኛ ነው። ስፖንጅቦብንም የምትታዘበው በዚህ ነው። ባሕር ውስጥ እየኖሩ ባሕር ዳር ይዝናናሉ፣ ባሕር ውስጥ ሆነው ገንዳ ሞልተው ይታጠባሉ። አንድ ጊዜ እሳት አንድደው ሲሞቁ፣ ያ በሲጥ የሚሉት ሞኙ፣ ውሃ ውስጥ እሳት እንዴት ይነዳል ብሎ ሊጠይቅ ሲጀምር እሳቱ ጭስስ ብሎ ጠፋ። ልጆቹ ሳቁ፤ እሷ ግን «አየህ፣ ካልጠየቅህ ይነድልሃል» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ ወዲህ በሲጥን ታከብረዋለች።

ባለፈው ሳምንት ማታ መብራት ሄደ። ቴሌቪዥኑ ጠፋ፣ የስልኩም ባትሪ አልቆ ነበር፤ ልጆቹ ጨለማው ውስጥ ተደፍተው ነደባው ላይ ሲነጫነጩ እናቴ ሻማ አበራችና ትንሹን፣ «እንቆቅልህ» አለችው።

«ምን አውቅልሽ።»

ምን እንደጠየቀችው አላስታውስም፤ ከባድ ነበር፣ እኔም አላወቅሁትም። ልጁ ሦስት ጊዜ ሞክሮ እጁን ሰጠ።

«በል አገር ስጠኝ።»

«ድሬዳዋን ሰጠሁሽ።»

«ሙቀቱን አልችለውም። ሌላ ስጠኝ።»

ትንሽ አሰበ። «ቢኪኒ ቦተምን ሰጠሁሽ።»

«የት ነው ደግሞ እሱ?»

«የነስፖንጅቦብ አገር ነዋ! ባሕር ሥር!»

«ውሃ አለው?»

«ሙሉ ነው። ዙሪያውን ውሃ ነው።»

«ሃያ አራት ሰዓት?»

«ሃያ አራት ሰዓት።»

«ተቀብያለሁ» አለች እናቴ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ጀርባዋን ቀና አድርጋ። ከዚያም ጀመረች። ቢኪኒ ቦተም ገብታ፣ አናናሱ ውስጥ አልጋ ዘርግታ፣ በጀሪካን ሳይሆን በቧንቧ ስትታጠብ፣ ሸፊቅ ጫማዋን ሲጠርግላት፣ በሲጥ ቡና ሲያቀርብላት፣ ልጁ ግን ደጅ፣ ስኪቢዲው ሽንት ቤት ውስጥ፣ አንገቱ ድረስ፣ ምን ላይ ቆሞ፣ ምን እየጎረሰ፣ ምን በጆሮው እየገባ እንደሚያድር፣ ከነሽታው፣ ከነሙቀቱ። ድሮ ያልነበሩ ነገሮች ገብተውበታል፤ ከስልኩ የለቀመቻቸው ናቸው። ልጁ ትንፋሹ እስኪቆራረጥ ይስቃል። አስተርጓሚው ጭራሽ ተንከባሎ ከነደባው ወርዷል።

ወፍራሙ ቦታ ላይ ስትደርስ ቆም አለች። ሁሉም አንገታቸውን ጠምዝዘው ወደኔ ዞሩ።

«ኧረ ነውር ነው!» አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ሕፃን ልጅ ፊት!»

«አንተ ደግሞ ምን አገባህ?» አለችኝ እናቴ። «አገሩን የሰጠኸኝ አንተ ነህ?»